በኪራይ ስፖርት መኪና አሜሪካን ማቋረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከዋሽንግተን ዲሲ ሎስ አንጀለስ በአጭሩ መንገድ 2,670 ማይል ገደማ ነው፤ በኪሎ ሜትር 4,300 አካባቢ። በሁለቱም ጫፍ ዘመድ ያለው ሐበሻ ብዙ ስለሆነ «አንድ ጊዜ እንኳ ጣሪያው የሚከፈት ማስታንግ ተከራይተን በመኪና እንሂድ» የሚለው ሐሳብ ይነሳል። ግሩም ሐሳብ ነው፣ ሊቀርም አይገባም። ጉዞውን የሚያበላሸው መኪናው አይደለም፤ ሳይነበብ የተፈረመው ውልና ለአንድ ቀን የተቆረጠው የማይል ብዛት ነው። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከነዚህ ከሁለቱ ይመነጫሉ። (ቀኑና ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

«ማስታንግ ካዘዝኩ የምረከበው ማስታንግ ነው»

ያዘዙት መኪናውን ሳይሆን ምድቡን ነው። ማረጋገጫው ላይ ከስሙ ቀጥሎ «ወይም ተመሳሳይ» ይላል፤ ኪራይ ቤቱ በዚያ ምድብ ያለውን ሌላ መኪና ቢሰጥ ውሉን አላፈረሰም። ድሮ «ተመሳሳይ» ማለት ካማሮ ወይም ቻሌንጀር ነበር። የቻሌንጀርም የካማሮም ምርት በ2023 መጨረሻ ገደማ ስለቆመ ምርጫው ጠቧል፤ የቀሩትም ብዙ ማይል የሄዱ ናቸው።

ማስታንግ ቢደርስዎትም ቪ8 (ባለ 8 ሲሊንደሩ ትልቅ ሞተር) ነው ማለት አይደለም። ኪራይ ቤቶች በብዛት የሚይዙት ኢኮቡስት የሚባለውን ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2.3 ሊትር ቱርቦ ነው። ከ2024 ሞዴል ጀምሮ 315 የፈረስ ጉልበት አለው። በዚህ ማንም ሊከፋ አይገባም፤ እንዲያውም ለረጅም መንገድ የሚሻለው እሱ ነው። በመንግሥት መለኪያ ኢኮቡስቱ በሃይዌይ ላይ በአንድ ጋሎን 33 ማይል ሲሄድ ቪ8 ሞተር ያለው ጂቲ 24 ይሄዳል። ጭነቱ፣ ኤሲውና ዳገቱ ተጨምሮበት ኢኮቡስቱ ወደ 28 ቢወርድ እንኳ መንገዱን በ95 ጋሎን ይጨርሰዋል። የቪ8ቱን ድምፅ የግድ የሚፈልግ ሰው «ጂቲ» ተብሎ የተጻፈበትን ምድብ ለይቶ ይዘዝ።

ከመነሳትዎ 2 ቀን በፊት ይደውሉ፤ በዋናው መስመር ሳይሆን መኪናውን ወደሚረከቡበት ቅርንጫፍ። ምን እንዳላቸው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ያልፈለጉት መኪና ከቀረበ ከግቢው ሳይወጡ ይናገሩ፤ አንዴ ከወጡ መቀየሩ ከባድ ነው።

«ማይሉ ያልተገደበ ስለሆነ የትም ወስጄ የትም እመልሳለሁ»

ያልተገደበ ማይልና ያልተገደበ ክልል የተለያዩ ናቸው። አንዳንድ ውሎች መኪናው የሚነዳባቸውን ስቴቶች ይዘረዝራሉ። ሌላ ከተማ መመለስም አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ክፍያ አለው፤ ዋጋው ሲታይ የቀን ኪራዩን ብቻ ሳይሆን በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለውን ጠቅላላ ድምር ማወዳደር ያስፈልጋል።

ከግለሰብ በአፕ የሚከራዩ ከሆነ ደግሞ ገደቡ ብዙ ጊዜ በቀን ነው። በቀን 200 ማይል ቢፈቀድ ለ10 ቀን 2,000 ይሆናል። ግራንድ ካንየንንና ሌሎች ዞር ዞር የሚባልባቸውን ቦታዎች ጨምረው 3,400 ማይል ከነዱ 1,400 ማይል ያልፋሉ፤ ለእያንዳንዱ ማይል 50 ሳንቲም ቢታሰብ 700 ዶላር ነው። ያ መኪና ወደተወሰደበት ከተማ መመለስ እንዳለበትም አይርሱ።

«ክሬዲት ካርዴ ኢንሹራንስ ስላለው ሌላ አያስፈልገኝም»

ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ይህ ነው። የካርዱ ሽፋን የሚከፍለው ለተከራዩት መኪና ጉዳት ወይም ስርቆት ነው። የመቱትን ሰው ሕክምናና የሌላውን መኪና አይነካም፤ ያ ላያቢሊቲ የሚባለው ሌላ ኢንሹራንስ ነው። ካርዱ እንዲሠራም ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ኪራዩ በሙሉ በዚያው ካርድ መከፈል፣ ኪራይ ቤቱ የሚያቀርበው «ዴሜጅ ዌቨር» (መኪናው ቢጎዳ አትጠየቅም የሚል፣ በክፍያ የሚገዛ ሽፋን) ደግሞ አልፈልግም መባል አለበት። ብዙ ካርዶች በሚኖሩበት አገር ውስጥ የሚሸፍኑት ለ15 ተከታታይ ቀን ብቻ ነው። ውድና ልዩ የሚባሉ ስፖርት መኪኖችን ከሽፋኑ የሚያወጡም ብዙ ናቸው። ኢኮቡስት ማስታንግ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል፤ ኮርቬት ወይም ፖርሼ ከሆነ ግን ወደ ካርዱ ድርጅት ደውሎ የመኪናውን ስምና ሞዴል በመንገር መልሱን በጽሑፍ መቀበል ግድ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የራሱ መኪና ያለው ሰው ኢንሹራንሱ ብዙ ጊዜ ለኪራይ መኪናም ይሠራል፤ የሚሠራው ግን በገዛው ልክ ነው። ያረጀች መኪና ስላለው ላያቢሊቲ ብቻ የገዛ ሰው፣ የተከራየው ማስታንግ ቢገለበጥ ኢንሹራንሱ አንድ ሳንቲም አይከፍልለትም። ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ ለጉብኝት የመጣ ደግሞ ጭራሽ የለውም። እንዲህ ያለው ሰው ጠረጴዛው ላይ የሚሸጠውን ተጨማሪ ላያቢሊቲ ይግዛ፤ ሽፋኑ ብዙ ጊዜ እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። ካሊፎርኒያ ከ2025 ጀምሮ የምትጠይቀው ዝቅተኛ ሽፋን ለአንድ ተጎጂ 30,000 ዶላር ነው፤ አንድ ከባድ ቀዶ ሕክምና ይበልጠዋል።

«ተራ በተራ እንነዳለን» የሚሉ ወንድማማቾች ይህችን ያንብቡ፦ ውሉ ላይ ስሙ ያልተጻፈ ሰው መሪ ከያዘ የገዛችሁት ሽፋን ሊፈርስ ይችላል። የሚነዳ ሁሉ መንጃ ፈቃዱን ይዞ ጠረጴዛው ጋ ይቅረብ። ከ25 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ብዙ ኪራይ ቤቶች ስፖርት መኪና አይሰጡም።

መኪናውን ሲረከቡ በስልክዎ ቪዲዮ ይቅረጹ፤ ጎኖቹን ብቻ አይደለም። የስፖርት መኪና የፊት ከንፈር (የፊት መከላከያው የታችኛው ፕላስቲክ) መሬት የተጠጋ ነው። ፓርኪንግ ውስጥ ጎማ እንዲያቆም የተሠራው የሲሚንቶ አግዳሚ ሥር ይገባና ወደ ኋላ ሲወጡ ይይዘዋል፤ ፕላስቲኩ ይላጣል፣ አንዳንዴም ተነቅሎ ይንጠለጠላል። ስለዚህ የስልኩን መብራት አብርተው፣ ጎንበስ ብለው የከንፈሩን የታች ጠርዝና የአራቱንም ጎማ ቸርኬዎች ይቅረጹ። በጉዞው ላይም ከአግዳሚው አንድ ክንድ ያህል ቀድመው ያቁሙ።

«ርካሹ ቤንዚን ያው ቤንዚን ነው»

በምሥራቁ ርካሹ 87 ኦክቴን ነው፤ ኦክቴን ቤንዚኑ ያለጊዜው መቀጣጠልን የሚቋቋምበት ልክ ነው። ኮሎራዶ፣ ዩታ፣ ዋዮሚንግና ኒው ሜክሲኮ ሲደርሱ ግን ርካሹ ቁልፍ ላይ 85 የሚል ያገኛሉ፣ 87ቱ መሐል ላይ ይሆናል። 85 የካርቡሬተር ዘመን ቅሪት ነው። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የድሮ ሞተር የሚጨምቀው አየር ያንሳል፤ ስለዚህ ዝቅ ያለ ኦክቴን ይበቃው ነበር። ቱርቦ ግን ስሱን አየር አምቆ ስለሚያስገባ ለሞተሩ ከፍታው እምብዛም አይሰማውም። 85 ሲሰጡት ቤንዚኑ ብልጭታውን ሳይጠብቅ ይቀጣጠላል፤ ኮምፒዩተሩ ሞተሩን ለመጠበቅ ጉልበቱን ይቀንሳል፣ ዳገት ላይ ከጭነት ጋር ከሆነ ጉዳቱም አይቀርም። ለኢኮቡስት ማስታንግ 87 ይበቃል፣ ለኮርቬት 91 ወይም 93 ይቅዱ። ሁሉም ስፖርት መኪና ፕሪሚየም (ከፍ ያለ ኦክቴን ያለው ውዱ ቤንዚን) ካልጠጣ የሚለውም ስህተት ነው፤ የነዳጅ መክደኛውን ከፍተው የተጻፈውን ያንብቡ።

በአይ-70 (ኢንተርስቴት 70 በሚባለው ሃይዌይ) የሚሄዱ ከሆነ ዩታ ውስጥ ከግሪን ሪቨር እስከ ሳላይና ከ100 ማይል በላይ ማደያ የለም። ግሪን ሪቨር ላይ ይሙሉ።

«ሩት 66ን ይዤ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ»

ሩት 66 በ1926 የተሰየመ፣ ከቺካጎ እስከ ሳንታ ሞኒካ 2,448 ማይል የነበረ መንገድ ነው፤ በ1985 ከፌዴራል መንገዶች ዝርዝር ተሰርዟል። ዛሬ ያለው የተቆራረጠ ቅሪት ነው፤ አንዱ ጋ የከተማ ዋና ጎዳና፣ ሌላው ጋ የአይ-40 የጎን መንገድ፣ አንዳንድ ቦታ ኮረኮንች፣ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ የተዘጋ። ጂፒኤስ ላይ «ሳንታ ሞኒካ» ብለው ከጻፉ ያለምንም ማመንታት ሃይዌዩ ላይ ይጥልዎታል። ከዲሲ ለሚነሳ ሰው የሚያዋጣው ኦክላሆማ ሲቲ ድረስ በአይ-40 ሄዶ፣ ከዚያ ጥሩ ጥሩውን ቁራጭ መምረጥ ነው። ለስፖርት መኪና ምርጡ አሪዞና ውስጥ ከሰሊግማን በፒች ስፕሪንግስ በኩል ኪንግማን የሚያደርሰው ነው፤ ሁሉም አስፋልት፣ ጭር ያለ፣ እይታው ሩቅ የሚዘልቅ። ከኪንግማን ወደ ኦትማን የሚወጣው ግን ጠባብና ጠመዝማዛ፣ አጥር የሌለበት ገደል ስለሆነ የደከመው ሰው አይሞክረው።

ኮረኮንች ካነሳን፦ ብዙ ውሎች ካስፋልት መውጣትን ይከለክላሉ፤ እዚያ ለሚደርስ ጉዳት የገዙት ሽፋን አይሠራም። የሞኑመንት ቫሊ 17 ማይል የውስጥ መንገድ አፈርና ድንጋይ ነው። እዚያ በናቫሆ (የአካባቢው ነባር ሕዝብ) አስጎብኚዎች መኪና ይግቡ። ያ በፎቶ የሚታወቀው ቀጥ ያለ መንገድ ያለው ዩኤስ-163 ላይ ነው፣ እሱ አስፋልት ነው። የቦንቪልን የጨው ሜዳም ከዳር ቆመው ይዩት፤ እርጥቡ ጨው ከመኪናው ሥር ተጣብቆ ብረቱን ይበላል።

«በ3 ቀን እንደርሳለን»

ይደረሳል፤ በቀን 890 ማይል፣ ያለ ምግብና ያለ ነዳጅ 13 ሰዓት መሪ ላይ። ይህ ጉብኝት አይደለም። የስፖርት መኪና መቀመጫ ጠባብ፣ አሞርቲዛተሩ ደረቅ፣ የጎማው ድምፅ ከፍ ያለ ነው፤ ከ400 ማይል በኋላ ወገብ ይናገራል። በተጨማሪም ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ሰዓቱ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀን የተገኘ ይመስላል እንጂ ሰውነት የሚደክመው በዲሲ ሰዓት ነው።

የሚያስደስት አከፋፈል ከ10 እስከ 12 ቀን ይፈልጋል። መጀመሪያ በስካይላይን ድራይቭ (105 ማይል፣ ፍጥነቱ 35) ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ናሽቪል፣ ሜምፊስ፣ ኦክላሆማ ሲቲ። ከዚያ 260 ማይል ሄደው አማሪሎ ያድራሉ፤ ሳንታ ፌ ላይ ሁለት ሌሊት። ፍላግስታፍ ደርሰው 80 ማይል ያህል ወደ ሰሜን ግራንድ ካንየን፣ ላስ ቬጋስ፣ በመጨረሻ 270 ማይል ወደ ሎስ አንጀለስ፤ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ትንሿ ኢትዮጵያ ሽሮው ይጠብቃል። አሪዞና በበጋ ሰዓቷን እንደማትቀይር፣ በውስጧ ያለው የናቫሆ ግዛት ግን እንደሚቀይር ልብ ይበሉ፤ ቀጠሮ ያለው ሰው በአንድ ሰዓት ይሳሳታል።

«ጣሪያው የሚከፈት ከሆነ ጣሪያው ተከፍቶ ነው የሚሄደው»

በጁላይ የአሪዞና በረሃ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ እኩለ ቀን ላይ ጣሪያ መክፈት ራስን መጉዳት ነው። የሚከፈተው ከንጋት እስከ ረፋድ፣ ከዚያ ደግሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ሃይዌይ ላይ በ75 ማይል ነፋሱ ጨዋታ አያሰማም፤ ለ45 ማይል መንገድ ያቆዩት። የማስታንግ ጣሪያ የሚከፈተውና የሚዘጋው መኪናው ቆሞ ስለሆነ ደመና ሲያዩ ዝናቡን አይጠብቁ።

የዕቃ ቦታው 300 ሊትር ገደማ ነው፣ አፉም ጠባብ። ትልቁ ደረቅ ሻንጣ አይገባም፤ ሁለት ለስላሳ ቦርሳ ይበቃል። የኋላ ወንበሩ ለአዋቂ አይሆንም፣ ስለዚህ ጉዞው የሁለት ሰው ነው። እንጀራ በዚያ ሙቀት በአንድ ቀን ሊሻግት ስለሚችል ድርቆሽ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይያዙ።

«ጎማ ቢተነፍስ ስኮርታውን እቀይራለሁ»

ስኮርታ የለም። ብዙውን ጊዜ ማስታንግ ከኋላ ያለው ትንሽ የንፋስ መሙያና አንድ ጠርሙስ ማሸጊያ ፈሳሽ ነው፤ ኮርቬት ደግሞ ተንፍሶም ለተወሰነ ማይል የሚሄድ ጎማ አለው። ሲረከቡ ሳጥኑን ከፍተው ጠርሙሱ መኖሩንና ቀኑ አለማለፉን ይዩ። ሚስማር ከወጋው ፈሳሹን ሞልተው፣ በሾፌሩ በር ድንበር ላይ እስከተጻፈው ልክ ነፍተው፣ ከ50 ማይል ፍጥነት ሳያልፉ በ120 ማይል ውስጥ ጎሚስታ ጋ መድረስ ነው። ጎኑ ከተቀደደ ወይም ካበጠ ፈሳሹ አይረዳም፤ እንዲህ ያለ ሰፊ ጎማ በትንሽ ከተማ ስለማይገኝ ቀኑ ያልፋል። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት 25 ሳንቲሟን ዘቅዝቀው ጥርሱ ውስጥ ይክተቱ፤ የዋሽንግተን ራስ ጫፍ ካልተሸፈነ ሌላ መኪና ይጠይቁ። ንፋሱን የሚለኩት ጠዋት ሳይነዱ ነው። በረሃ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር የሚያስተነፍስ ሰው ማታ ሲበርድ ጎማው ጎድሎ ያገኘዋል።

«መንገዱ ክፍት ነው፣ ፖሊስ የለም»

ፈተናው የሚጀምረው ከዲሲ ወጥተው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ85 ማይል በላይ፣ ወይም ከተፈቀደው 20 ማይል በልጦ መንዳት ተራ ትኬት ሳይሆን ወንጀል ነው፤ እስከ 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር ያስቀጣል። ገደቡ 70 በሆነበት አይ-81 ላይ 86 ማለት ይኸው ነው። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ላለበት ሰው ደግሞ የወንጀል መዝገብ ከገንዘቡ ይከብዳል። ራዳር ማሳያ መሣሪያም በቨርጂኒያም በዲሲም ክልክል ነው።

«በረዶ የጃንዋሪ ጉዳይ ነው»

በዴንቨር በኩል ለሚያልፉ አይደለም። ኮሎራዶ በአይ-70 ተራራማ ክፍል ላይ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ለበረዶ የሚሆን ጎማ ወይም ሰንሰለት ትጠይቃለች፤ የኪራይ ስፖርት መኪና ብዙ ጊዜ ሁለቱንም የለውም። ኮሎራዶ ውስጥ 3,713 ሜትር የሚደርሰው የተራራ መንገድ ትሬይል ሪጅ ሮድ የሚከፈተው በሜይ መጨረሻ ገደማ ነው። ጥሩው ወቅት ሴፕቴምበር ነው፤ መንገዱም በደቡብ በኩል ያለው አይ-40።

መኪናውን ሲመልሱ ደግሞ ለቶል (የመንገድና የድልድይ ክፍያ) የተጠቀሙበትን የራስዎን ኢዚ ፓስ (በራሱ የሚከፍለውን ትንሽ መሣሪያ) ከመስታወቱ ያንሱ፣ ሰሌዳውንም ከአካውንትዎ ይሰርዙ፤ አለዚያ የሚቀጥለው ተከራይ በእርስዎ ሒሳብ ድልድይ ይሻገራል። የማይል ቆጣሪውን፣ የነዳጁን ልክና ያን የፊት ከንፈር እንደገና ፎቶ ያንሱ፤ ሠራተኛው ፈትሾ ደረሰኝ እስኪሰጥዎ ድረስም ከግቢው አይውጡ።