«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የፈረስ ስድብ አይደለም እኮ

ባለፈው ደሴ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብያለሁ፣ አጠገቤ ያሉ ልጆች የሚወዱትን ጦር ያማርጣሉ፣ ልክ እንደ ፕሪሚየር ሊግ ክለብ። በእርስ በርስ ጦርነት ከተዋጉት የማን ደጋፊ ነህ ነው ነገሩ። አንዱ የአሜሪካውን 54ኛ ማሳቹሴትስ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1863 ፎርት ዋግነር ላይ የተማገዱትን ጥቁር ወታደሮች፤ ሌላው የጄኔራል ቡፎርድን ፈረሰኛ፤ ሦስተኛው አገሩን አልረሳም፣ የንጉሥ ሚካኤልን የወሎ ፈረሰኛ አለ። ይሄኔ አንዱ «ተወን ባክህ፣ ሰገሌ ላይ አየነው እኮ፣ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብሎ ጠረጴዛውን በሳቅ ገደለው። እኔ ማኪያቶዬ ትን አለኝ። ሰገሌ ንጉሡ የተሸነፉበት ሜዳ ነው፣ ያውም እሳቸው ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ባለበት ከተማ!

ተረቱን መፍታት አያስፈልግም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ችግሩ ሰው «አይዋጋም» የምትለዋን ይዞ «ያደርሳል» የምትለዋን መዋጡ ነው።

ልጅ ሆኜ ወሎ፣ ለጋምቦ ወረዳ አያቴ ጋ ክረምቱን እከርም ነበር፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አያቴ አንድ ዳማ ፈረስና አንዲት በቅሎ ነበረቻቸው። ሰርግ ላይ ጉግስ ካለ እሳቸው በቅሎዋ ላይ ይወጣሉ፣ እኔ ፈረሱን ባዶውን በገመድ እየሳብኩ በእግሬ እከተላለሁ፣ እግሬ ተላጠ ብል፣ ባለቅስ፣ ማን ሰምቶኝ። «አብሽር፣ ደረስን» ይላሉ፣ ከዚያ ሌላ ሁለት ዳገት። አንድ ቀን ለምን አልቀመጥበትም ብዬ ተቆጣሁ፣ ፈረሱ እኮ ምንም አልተሸከመም። ሳቁብኝ። ሜዳው ዳር ስንደርስ ከበቅሎዋ ወርደው ከጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን ገብስ በመዳፋቸው አጎረሱት፣ ኮርቻውን ጠበቅ አደረጉ፣ ከዚያ በባዶ እግራቸው አውራ ጣታቸውን ብቻ በትንሿ እርካብ ቀለበት ውስጥ ሰክተው ብድግ። ያቺን አውራ ጣት አሁንም አያታለሁ፣ ጥፍሯ የተሰነጠቀ። እና ዘንጉን ወርውረው ሲስቱ (ብዙ ጊዜ ይስቱ ነበር አይ አያቴ) ፈረሱ አሰናከለኝ ካሉ አለቀላቸው፣ ሽማግሌዎቹ በአንድ አፍ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም!» ብለው ያሳፍሯቸዋል።

የኔ ነገር እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል፣ ማስረጃ አትጠይቁኝ። የድሮ ዘማች መንገዱን የሚሄደው በበቅሎ ነው፣ ፈረሱ ሳይደክም እየተሳበ ይከተላል፣ ጠላት ሲታይ ነው የሚቀያየረው። ስለዚህ «ያደርሳል» የተባለው ከቤት እስከ ሰፈር ያለውን መንገድ አይመስለኝም፣ እሱማ የበቅሎ ሥራ ነው፤ ከሰፈር እስከ ጠላት አፍንጫ ያለችዋን አጭሯንና አስፈሪዋን መንገድ ነው። ተረቱን ያወጣውም ባላባት ሳይሆን እንደኔ እግሩ የተላጠ ፈረስ ሳቢ ልጅ ነው ብዬ እምላለሁ። ደግሞ ሰው በፈረሱ ስም በሚጠራበት አገር፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ የኛው ሚካኤል አባ ሻንቆ በሚባሉበት አገር፣ ፈረስን የሚያዋርድ ተረት ከየት ይመጣል?

ሰገሌ ካላችሁም እንነጋገር። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ከተሻሩ በኋላ አባትዬው ንጉሥ ሚካኤል ጦራቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ወረዱ፣ ጥቅምት 9 ቶራ መስክ ላይ የሸዋውን የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደመሰሱት፣ ራስም እዚያው ወደቁ። አዲስ አበባ ቅርብ ነበረች። ንጉሡ ግን ቆም አሉ፣ የጦር ሚኒስትሩ አባ መላ ደግሞ እንደ ስማቸው መላ አያጡም፣ የወዳጅ መልክት እየላኩ ያዘናጓቸዋል፣ በጎን የሸዋ ጦር ይሰበሰባል። ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ሲጋጠሙ ነገሩ አልቆ ነበር፣ ንጉሡ ተማረኩ። እንግዲህ ተረቱ ለሰገሌ ይሆናል ካልን፣ ፈረሱ አድርሷል፣ ስምንቱን ቀን የቆመው ሰው ነው! ይኸው ፈረሰኛ በ1888 አድዋ ላይ ማርያም ሸዊቶ የጣሊያኑን ጄኔራል የዳቦርሚዳን ብርጌድ ምን እንዳደረገው ደግሞ ልጁ ይጠይቅ።

የሚያስቀው፣ ተረቱ በትክክል የገባው ያ የቡፎርድ ደጋፊ ነው፣ ሳያውቀው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጌቲስበርግ ላይ በመጀመሪያው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 1863፣ የቡፎርድ ሰዎች ቀድመው ደርሰው ከፈረሳቸው ወርደው በእግር ተዋጉ፣ ከአራት አንዱ ፈረስ ይዞ ከኋላ ይቆማል፣ ሦስቱ ይተኩሳሉ፣ እግረኛው ጦር እስኪመጣ ድረስ ያዙት። ያ ፈረስ የሚይዘው አራተኛው ሰውዬ እኔ ነኝ በቃ፣ ለጋምቦ።

አሁን አሁን ይቺን ተረት የማይተርታት የለም፣ መኪናው ለተበላሸበት፣ ዲግሪው ሥራ ላላስገኘለት፣ ረዳቱን ለሚያንቋሽሽ ሁሉ፣ ኧረ በሕግ! አንድ የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ፕሪንተር ይገዛልን ብለን ስንጠይቅ አለቃችን ስብሰባ ላይ ብድግ ብሎ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፣ ዋናው ሰው ነው» አለን፣ ተጨበጨበለትም። ወላሂ፣ ፈረሱን መቼ አየነው? እስክለቅ ድረስ ደብዳቤ የምናሳትመው መንገድ ተሻግረን ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር፣ በእግራችን።