የርባ ማቴ ከጣና ዳር ሻይና ቡና አጠገብ ሲቀመጥ

በባሕር ዳር «ሻይ» የሚለው ስም ብዙ ነገር ይጠራበታል። ከሻይ ቅጠል የተዘጋጀውም፣ ጦስኝ ወይም ጠጅ ሣር የተፈላበትም፣ ዝንጅብል ብቻ የገባበትም ውኃ ሻይ ይባላል። በዕፅዋት ጥናት ግን ሻይ ካሜሊያ ሲኔንሲስ የተባለው ተክል ብቻ ነው፤ በአገራችን በውሽውሽና በጉማሮ እርሻዎች ይለማል። አረንጓዴውም ጥቁሩም ከዚሁ ቅጠል የሚገኙ ሲሆን የሚለዩት ቅጠሉ ከተለቀመ በኋላ በሚደረግለት ዝግጅት ነው። የቀሩት የዕፅዋት ሻዮች ናቸው፤ አብዛኞቹም ካፌይን የላቸውም። የደቡብ አሜሪካው የርባ ማቴ ከሁለቱም ወገን አይመደብም፤ ከሻይ ተክል አይገኝም፣ እንደ ጦስኝም ከካፌይን ነፃ አይደለም።

ማቴ የሚዘጋጀው በፓራጓይ፣ በሰሜን ምሥራቅ አርጀንቲናና በደቡብ ብራዚል ከሚበቅለው ኢሌክስ ፓራጓሪየንሲስ ከተባለ ዛፍ ቅጠል ነው። ስፔናውያን ወደ አካባቢው ከመድረሳቸው በፊት የጉዋራኒ ሕዝብ ይጠጣው ነበር፤ ዛፉን ተክለው ማልማት የቻሉት ደግሞ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢየሱሳውያን የተባለው የካቶሊክ ማኅበር ሚስዮናውያን ናቸው። የጣና ዳር አንባቢ ይህን ማኅበር ያውቀዋል። በ1618 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየው ጴጥሮስ ፓኤዝ የዚሁ ማኅበር አባል ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላም በሐይቁ ሰሜናዊ ዳር በጎርጎራ አርፏል። የማቴ ዛፍ ወገን የሆነ አንድ የኢሌክስ ዝርያ በኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች ውስጥም ይገኛል።

ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በነበልባል ላይ ፈጥኖ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ከዚያም ደርቆ፣ ለወራት ተቀምጦ ይደቅቃል። «ማቴ» የሚለው ስም ራሱ ከደቡብ አሜሪካው የኬችዋ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ቅል ማለት ነው፤ መጠጡም እስከ ዛሬ በቅል ይቀርባል። ቅሉ ከግማሽ በላይ በደቀቀው ቅጠል ይሞላና ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ውኃ ይጨመርበታል፤ ጠጪውም ጫፉ ወንፊት በሆነ የብረት መምጠጫ ይስበዋል። በጥቁር ሻይ አሠራር ልማዱ የተለየ ነው፤ በእኛ ዘንድ ቅጠሉ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ይንተከተካል፣ ስኳርም ይበዛበታል። ማቴን በዚያ መንገድ ያንተከተከ ሰው የሚያገኘው ምሬት ብቻ ነው።

ማቴን በጣዕም ከአረንጓዴ ሻይ ጋር የሚያስተያዩት ብዙዎች ናቸው። በአጠጣጡ ግን ከሻይ ይልቅ ለጀበና ቡና ይቀርባል። አንድ ቀጂ ይኖራል፤ የመጀመሪያውን መራራ ቅል ራሱ ይጠጣል፣ ከዚያ በዚያው ቅጠል ላይ ደጋግሞ ውኃ እየጨመረ በዚያው ቅል ለእያንዳንዱ በተራ ያቀርባል። የበቃው ሰው «አመሰግናለሁ» ይላል፤ ሳይበቃው ያመሰገነ ተራው ያልፈዋል። ከዘጌ ልሳነ ምድር የመጣ ቡናም በአንዱ ጀበና፣ በዚያው ዱቄት ላይ ውኃ እየተጨመረበት አቦል፣ ቶናና በረካ ይሆናል። ከበረካ የቀጠነ ማቴም አለ፤ ጠጪዎቹ «የታጠበ» ይሉታል። የሚለያቸው ዕቃው ነው፤ እኛ ለየራሳችን ስኒ እንይዛለን፣ እነርሱ ግን አንድ መምጠጫ ይጋራሉ።

የካፌይኑን መጠን በአንድ ቁጥር መናገር አስቸጋሪ ነው። በደረቅ ክብደት ሲለካ የሻይ ቅጠል ከቡና ፍሬ የበለጠ ካፌይን ሊይዝ ይችላል፤ ለአንድ ብርጭቆ የሚገባው ቅጠል ጥቂት ስለሆነ ግን ቡናው ይበረታል። የማቴ ቅጠል በመቶ ከአንድ እስከ ሁለት እጅ ያህል ካፌይን አለው፤ ቅሉ ግን አሥራ አምስትና ሃያ ጊዜ ሊቀዳ ስለሚችል የጠዋቱ ድምር ከአንድ ስኒ ቡና ሊበልጥ ይችላል። ቴዎብሮሚን የተባለው የካካዎ ማነቃቂያም በጥቂቱ ይገኝበታል።

የዕፅዋት ሻዮች ጉዳይ ሌላ ነው፤ በጎጃም ቤቶች ቅጠል ከመጠጥነቱ ይልቅ በመድኃኒትነቱ ይታወቃል። ጦስኝ ለጉንፋን ይፈላል፤ ሽታውን የሚሰጡት ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ዳማ ከሴ ለምች ይታሻል፣ ይሸተታል፣ ጭማቂውም በቡና ይጠጣል። የጤና አዳም ቅርንጫፍ በስኒ ውስጥ ይጣላል፤ በብዛት ሲወሰድ ግን ለነፍሰ ጡር አደገኛ ስለሆነ ባህላዊ መሆኑ ብቻ ሊያዘናጋ አይገባም። በፓራጓይም ተመሳሳይ ልማድ አለ። በቀዝቃዛ ውኃ የሚዘጋጀው ቴሬሬ የተባለው ማቴ የተወቀጡ የመድኃኒት ቅጠሎች ይጨመሩበታል፤ ዩኔስኮም ይህን ባህል በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። እነርሱ መድኃኒቱን በማቴ ያጠጣሉ፣ እኛ ደግሞ በቡና።

ስለ ማቴና ካንሰር የሚነሳውን ጥያቄ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዳግም መርምሮታል። ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ ማናቸውም መጠጥ ለጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ሲገልጽ፣ በጣም ያልሞቀውን ማቴ ግን በዚህ ደረጃ አላስቀመጠውም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ከእሳት እንደወረደ የተቀዳ ሻይ በብርጭቆው ውስጥ ጥቂት ሳይቆይ ወደ 65 ዲግሪ አይወርድም።