ፍላሽዳንስ፦ ፊልሙና ዘፈኖቹ

ፍላሽዳንስ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1983 አሜሪካ ውስጥ ለእይታ የበቃ የዳንስ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ እንግሊዛዊው አድሪያን ላይን ሲሆን ፕሮዲውሰሮቹ ዶን ሲምፕሰንና ጄሪ ብራክሃይመር ናቸው።

ታሪኩ ቀላል ነው። አሌክስ የምትባል የ18 ዓመት ልጅ በብረት ፋብሪካዎቿ በምትታወቀው ፒትስበርግ ቀን ቀን ብየዳ ትሠራለች፣ ማታ ማታ ቡና ቤት ውስጥ ትደንሳለች። ልቧ ያለው ግን ባሌት ትምህርት ቤት መግባቱ ላይ ነው። መሀል ላይ ከአለቃዋ ጋር ፍቅር ይይዛታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሐያሲዎቹም ያኔ ታሪኩ ሳስቷል ብለው አጣጣሉት። ሕዝቡ ግን አልሰማቸውም፤ 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት ፊልም አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ90 ሚሊዮን በላይ አስገባ።

በኔ እምነት ይህን ፊልም ያቆመው ሙዚቃው ነው። «ማኒያክ» የሚመጣበትን ቦታ ተመልከቱ። አሌክስ ቤቷ ውስጥ ባለችበት ቆማ ትሮጣለች፣ ካሜራው እግሯ ላይ ተጠግቶ ወለሉን ስትደበድብ ያሳየናል፣ ላቡ ይንጠባጠባል፣ ከበሮው ደግሞ ከእግሯ እኩል ይሮጣል። አንድም ቃል አይነገርም፤ ግን ልጅቷ ምን ያህል እንደምትፈልገው ገብቶሃል። ዘፋኙ ማይክል ሴምቤሎ ነው።

ትልቁ ዘፈን ግን አይሪን ካራ የዘፈነችው «ወት ኤ ፊሊንግ» ነው። ዜማው የጣሊያናዊው ጆርጆ ሞሮደር ነው፤ ግጥሙን የጻፉት ካራ ራሷና ኪዝ ፎርሲ፣ የፊልሙን የመጨረሻ ትዕይንት ካዩ በኋላ ነው። ያ ትዕይንት የባሌት ትምህርት ቤቱ መግቢያ ፈተና ነው። አሌክስ ፈታኞቹ ፊት ትጀምራለች፣ ትሳሳታለች፣ ትቆማለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ዘፈኑም እንደሷ ቀስ ብሎ ይነሳና ድንገት ይፈነዳል። ስንቴም ባየው እዚያ ጋ ስደርስ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ዘፈኑ የአሜሪካን ተወዳጅ ዘፈኖች ደረጃ በሚያወጣው በቢልቦርድ ሰንጠረዥ 6 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፣ በ1984 ደግሞ ኦስካር ወሰደ። «ማኒያክ»ም ለዚያው ሽልማት ታጭቶ ነበር፤ እሱም በሰንጠረዡ አንደኛ ወጥቷል። የፊልሙ ዘፈኖች አልበም የማይክል ጃክሰንን «ትሪለር» አልበም ሳይቀር ከአንደኝነት ያወረደበት ጊዜ አለ። ዘመኑም ረድቶታል፤ የዘፈን ክሊፖችን የሚያሳየው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤምቲቪ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር፣ የፊልሙ ዳንሶች ደግሞ ልክ እንደ ክሊፕ የተቀነባበሩ ናቸው። ትከሻው ወደ ጎን የወረደው ሹራብም ፋሽን ሆነ።

አሌክስን ሆና የተወነችው ጄኒፈር ቢልስ ያኔ የየል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ዳንሱን በአብዛኛው የደነሰችላት ግን ማሪን ጃሃን ናት። በፈተናው ላይ አየር ላይ የምትወረወረው የጂምናስቲክ ስፖርተኛዋ ሻሮን ሻፒሮ ስትሆን፣ በጀርባ የሚሽከረከረው ደግሞ ዊግ ያደረገ ወንድ ነው፤ ክሬዚ ሌግስ የሚባለው የኒው ዮርክ ብሬክ ዳንሰኛ። ጓደኞቹ፣ ሮክ ስቴዲ ክሩ የሚባለው የብሬክ ዳንስ ቡድን ልጆች፣ መንገድ ላይ ሲደንሱም ይታያሉ፣ አሌክስም ያን ሽክርክሪት ያየችው እዚያ ነው። ማለትም አንድ ሰው ነው ብለን ያጨበጨብንለት ዳንስ የአራት ሰው ሥራ ነው። ያን ሁሉ የደነሰችው የማሪን ጃሃን ስም ግን መጨረሻ ላይ በሚወርደው የስም ዝርዝር ውስጥ አልተጻፈም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።