ፓራሲታሞል ውጦ ዲዩቲ መግባት

ባለፈው የማታ ተረኛ ነበርን። ጓደኛዬ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ሁለት ፓራሲታሞል ዋጥ አድርጋ «በቃ፣ ትኩሳቱ ለቆኛል» አለችና ገባች። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ለካኋት፤ 38.6። አልፈርድባትም፣ እኔም ስንቴ አድርጌዋለሁ። ግን ሆስፒታል ውስጥ እየዋልን ታሞ ሥራ ስለመግባት የምናምነው ብዙው ስህተት ነው።

«ትኩሳት ከሌለኝ እገባለሁ።» መድኃኒት ያበረደው ትኩሳት እንደጠፋ አይቆጠርም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ ለኢንፍሉዌንዛ የሚለው፣ ያለ ምንም ማስታገሻ ቢያንስ 24 ሰዓት ትኩሳት ሳይኖር ይቆይ ነው። ሳሉ ካልለቀቀ ደግሞ ማስክ።

«ኮቪድ 5 ቀን ነው።» 5 ቀኑ ለሌላው ሕዝብ የወጣ ነበር፣ እሱም በ2024 እ.ኤ.አ. ቀርቷል። ለጤና ባለሙያ የሲዲሲ መመሪያ ይለያል። ሕመሙ ቀለል ያለ ከሆነ፣ ምልክት ከታየ 7 ቀን ሞልቶ ከመመለስ በፊት ባለው 48 ሰዓት ውስጥ የተደረገ ምርመራ ኔጌቲቭ ከሆነ ይገባል፤ ካልተመረመረ 10 ቀን ይጠብቃል። ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት ከጠፋ 24 ሰዓት ማለፍ አለበት፣ ሌላውም ምልክት መሻል አለበት። በጠና የታመመ ወይም የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ከዚህም በላይ ሊቆይ ይችላል።

ደግሞ ተቃራኒው አለ፤ «ፒሲአር ኔጌቲቭ እስኪል አልገባም» የሚል። ፒሲአር የሚባለው የላብራቶሪ ምርመራ የሞተ ቫይረስ ርዝራዥም ያነሳል፣ ሰውየው ማስተላለፍ ካቆመ ከሳምንታት በኋላም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። እሱን ስንጠብቅ ዋርዱ ባዶ ይቀራል።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ «ምግብ አልተስማማኝም ነበር፣ አሁን ቆሟል» ነው። ነገሩ ኖሮቫይረስ (ሆድ የሚያውክ ተላላፊ ቫይረስ) ከሆነ ትውከትና ተቅማጡ ከቆመ በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት ቤት መቀመጥ ነው። ኪስ ውስጥ ያለችው ሳኒታይዘር እዚህ ላይ ብዙም አትረዳም፤ ይህ ቫይረስ አልኮል የሚያፈርሰው የስብ ሽፋን የለውም። ሳሙናና ውሃ ነው የሚያዋጣው። ቫይረሱ በሰገራ 2 ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊወጣ ስለሚችል፣ ከተመለሱ በኋላም እጅ መታጠቡ አይቀርም። (ውሃ የጠፋ ቀንስ አትበሉኝ፤ ጀሪካን ይሞላል።)

«አልማዝ ባለጭራ አይተላለፍም።» ከቁስሉ የሚወጣው ፈሳሽ ጉድፍ (ቺክንፖክስ) ይዞት ለማያውቅና ላልተከተበ ሰው ጉድፍ ያሲዛል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነና በደንብ ከተሸፈነ መሥራት ይቻላል፣ ግን ጨቅላ ሕፃናትና ካንሰር ታካሚዎች ጋ አይደለም። የጉድፍ ታማሚ ራሱ ሁሉም ቁስል ደርቆ ቅርፊት እስኪይዝ ይቆያል። ኩፍኝ የያዘው ሽፍታው ከወጣ በኋላ 4 ቀን።

የመጨረሻዋ «ከቀረሁ ደመወዜ ይቆረጣል» ናት። የግል ሆስፒታል ተቀጣሪ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን ከጨረሰና የሐኪም ማስረጃ ካመጣ፣ የመጀመሪያውን 1 ወር የሕመም ፈቃድ ሙሉ ደመወዝ ያገኛል። ጓደኛዬ የሚያስፈልጋት ሦስት አራት ቀን ነበር።