ቶርናዶ ባለፈ ማግስት፦ የነፋስን ጉልበት ከፍርስራሽ ማንበብ

ቶርናዶ ከነጎድጓድ ደመና እስከ መሬት የሚወርድ ብርቱ አዙሪት ነፋስ ነው። ሲያልፍ ፍጥነቱን ቆሞ የሚለካ መሣሪያ እምብዛም አይገኝም። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ ሜትር አይሰፋም። ዕድሜውም የደቂቃዎች ነው። የነፋስ መለኪያ መንገዱ ላይ ቢገጥመው እንኳ ነቅሎት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ደረጃው የሚሰጠው በማግስቱ ነው። ባለሙያዎች የተሰበረውን እያዩ፣ ይህን ለመስበር ምን ያህል ነፋስ ያስፈልጋል ብለው ወደ ኋላ ያሰላሉ። በዜና "ደረጃ አራት ቶርናዶ" ሲባል የምንሰማው ቁጥር የፍርስራሽ ንባብ ነው።

ነገሩ እኛ ካለንበት ከጎንደር የራቀ ይመስላል። ግን ክረምት ሊገባ ሲል ጣሪያው የተገነጠለበት ሰው "ምን ጉድ ነው ይሄ?" ማለቱ አይቀርም። የእሱም መልስ የሚፈለገው በዚሁ ዘዴ ነው።

ዘዴውን መልክ ያስያዘው ጃፓናዊው ቴትሱያ ፉጂታ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1920 ተወለደ፤ አብዛኛውን ዕድሜውን በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አሳልፎ በ1998 አረፈ። ወጣት ሳለ፣ በ1945፣ አቶሚክ ቦምብ የወደቀባቸውን ናጋሳኪንና ሂሮሺማን ሄዶ አይቷል። ከፍንዳታው በታች ያለው ነገር ሁሉ ከአንድ ነጥብ ወደ ውጭ በየአቅጣጫው ተጋድሞ ነበር። ያየው ነገር ከዓመታት በኋላ ሥራ ላይ ዋለ። በ1971 ከኤፍ 0 እስከ ኤፍ 5 የሚሄደውን የቶርናዶ መለኪያ አወጣ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ኤፕሪል 3 እና 4 ቀን 1974 ነው። በአንድ ቀን ከሌሊት 148 ቶርናዶዎች 13 የአሜሪካ ግዛቶችን ደበደቡ። ፉጂታና ባልደረቦቹ በአውሮፕላን እየዞሩ የጉዳቱን መስመር አንድ በአንድ ካርታ ላይ አሰፈሩ። ከአየር ላይ ሲታይ ግን ከቶርናዶ ጋር የማይገጥም ነገር ነበር። አንዳንድ ጫካ ውስጥ ዛፎቹ ልክ ናጋሳኪ ላይ እንዳየው ከአንድ ነጥብ ወደ ውጭ ወድቀዋል። በቀጣዩ ዓመት ኒውዮርክ ላይ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ተከሰከሰ። ፉጂታ ሁለቱን አገናኘ፤ ከነጎድጓድ ደመና ቁልቁል ወርዶ መሬት ሲነካ በየአቅጣጫው የሚረጭ ብርቱ ነፋስ አለ አለ። መጀመሪያ ብዙዎች አልተቀበሉትም። ዛሬ ግን ፓይለት ሁሉ ይማረዋል። ይህን ነፋስ ልብ በሉልኝ፤ ለጎንደር ከቶርናዶው ይልቅ እሱ ይቀርባል።

የመጀመሪያው መለኪያ አንድ ችግር ነበረበት። ፍጥነቱን አጋንኖ ይሰጥ ነበር። ደረጃ አምስት ከ420 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይጀምር ነበር፤ መሐንዲሶች ግን ቤት ጠራርጎ ለመውሰድ ይህን ያህል እንደማያስፈልግ አሳዩ። ስለዚህ አሜሪካ ከፌብሩዋሪ 2007 ጀምሮ ኢኤፍ ወደሚባለው የተሻሻለ መለኪያ ተሻገረች። በዚህኛው ደረጃ ዜሮ ከ105 እስከ 137 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ደረጃ ሁለት ከ178 ይነሳል፤ ደረጃ አራት ከ267። ከ322 በላይ የሆነው ሁሉ ደረጃ አምስት ነው።

አዲሱ መለኪያ 28 የጉዳት ማሳያዎች አሉት። መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ የገበያ አዳራሽ፣ የመብራት ምሰሶ፣ ዛፍ ሳይቀር። ለእያንዳንዱ ደግሞ ከቀላል እስከ ከባድ የጉዳት እርከን ተቀምጧል። አንድ ተራ የአሜሪካ መኖሪያ ቤት እንውሰድ። የጣሪያው ትልቅ ክፍል ሄዷል፤ ግድግዳው ግን ቆሟል። ሠንጠረዡ ለዚህ 196 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይላል። እዚያ ግን አያቆምም፤ እስከ 167 ዝቅ፣ እስከ 229 ከፍ ማድረግ ይፈቅዳል። መርማሪው ጎንበስ ብሎ ጣሪያው ከግድግዳው ጋር በምን እንደተያያዘ ያያል። ሚስማር ብቻ ከሆነ ወደ ታች ይወርዳል። በብረት ማሰሪያ በደንብ የታሰረ ከሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ቤቱ ከነግድግዳው ተጠርጎ መሠረቱ ብቻ ቢቀር እንኳ ደረጃ አምስት ወዲያው አይሰጥም። ቤቱን ከመሠረቱ ጋር የሚያያይዘው ቡሎን ነበር ወይ? ዳዶው አጥብቆ ይዞት ነበር ወይ? ደካማ ቤት ድራሹ ቢጠፋ በነፋሱ ላይ የሚመሰክረው ትንሽ ነው።

ከዚህ የሚመጣ አንድ የሚያስገርም ውጤት አለ። ሜይ 31 ቀን 2013 ኦክላሆማ ውስጥ ኤል ሬኖ አጠገብ ያለፈው ቶርናዶ ስፋቱ 4.2 ኪሎ ሜትር ነበር። በመኪና ላይ የተጫነ ራዳር ከ450 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ የሆነ ነፋስ መዝግቦበታል። የተሰጠው ደረጃ ግን ሦስት ነው። ያለፈው በአብዛኛው በእርሻ ላይ ነበርና የሚሰብረው ጠንካራ ነገር አላገኘም። ተገላቢጦሹም አለ። በጁን 2025 ኖርዝ ዳኮታ ውስጥ ኤንደርሊን አካባቢ ያለፈው መጀመሪያ ደረጃ ሦስት ተባለ። ከወራት ምርመራ በኋላ በኦክቶበር ወደ አምስት ከፍ አለ፤ ከ2013 ወዲህም የመጀመሪያው ሆነ። ለውሳኔው ያበቃው ተወርውሮ የተገኘ የባቡር ፉርጎ ነው።

አንድ ቶርናዶ እንዲህ ካስቸገረ ውርጅብኙን መመዘን የባሰ ነው። ውርጅብኝ የምንለው አንድ የአየር ሁኔታ ሥርዓት በአንድ ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ቶርናዶ ሲወልድ ነው። ስንት እንደሆኑ መቁጠር ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ቶርናዶ ከመሬት ተነስቶ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ሊወርድ ይችላል። አንድ ነው ሁለት? መርማሪዎች የጉዳቱን መስመር በእግር፣ በድሮንና በሳተላይት ምስል ይከተላሉ፤ ከዚያ ከራዳሩ ሰዓት ጋር ያስተያያሉ። ከኤፕሪል 25 እስከ 28 ቀን 2011 የወረደው ውርጅብኝ ከ360 በላይ ቶርናዶ ነበረው። በቁጥር የ1974ቱን ከእጥፍ በላይ ይበልጣል። ነገር ግን በ1974 ደረጃ አራትና አምስት የተሰጣቸው 30 ናቸው፤ በ2011 ግን 15። የቱ ይበልጣል? ለእኔ ቁጥሩን ለብቻው ማወዳደር ትርጉም የለውም። በ2011 ራዳሩም፣ ባለ ካሜራ ስልኩም በየቦታው ነበር፤ በ1974 ማንም ያላየው ትንሽ ቶርናዶ ስንቱ ሊሆን ይችላል። ከባዶቹ ግን አይደበቁም።

ወደ ጎንደር እንምጣ። ጎንደር የቶርናዶ ውርጅብኝ አገር አይደለችም። በበጋ አዘዞና ደምቢያ ሜዳ ላይ አዋራና ገለባ ጠቅልሎ የሚነሳው ሽክርክሪት ከቶርናዶ ዘር አይደለም። እሱ ፀሐይ ካጋላት መሬት፣ ደመና በሌለበት የሚነሳ ነው። ቶርናዶ የሚወርደው ከደመና ነው። ክረምት መግቢያ ላይ ግን ነጎድጓዱ ከነበረዶው ሲመጣ ሌላ ነፋስ አለ። ዝናቡ ሲተንና በረዶው ሲቀልጥ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ይከብዳል፤ ቁልቁል ይወርዳል። ይኸው የፉጂታ ነፋስ ነው። ቆርቆሮ ነቅሎ ጎረቤት ግቢ ለመጣል በቂ ጉልበት አለው።

ከቶርናዶ የሚለየው በአወዳደቅ ነው። ቆርቆሮውና ባህር ዛፉ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ወይም ወደ ውጭ ተበትኖ ከተጋደመ ነፋሱ ከላይ የወረደ ነው። በጠባብ መስመር ላይ እርስ በርሱ ተደራርቦና ወደ መሃል ዞሮ ከወደቀ ቶርናዶን መጠርጠር ይቻላል። ለዚህ የስልክ ኮምፓስ ይበቃል።

ፍጥነቱን መገመት ላይ ግን የአሜሪካው ሠንጠረዥ እኛ ዘንድ ይቸገራል። ከ28ቱ ማሳያዎች መካከል በባህር ዛፍ እንጨት የቆመ፣ በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት የለም። ሌላው ጫፍ የፋሲል ግንብ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ወፍራም ግድግዳ ቆሞ ማደሩ ስለ ትናንቱ ነፋስ የሚናገረው የለም። የፋሲለደስ መዋኛ ዛፎችም እንደዚያው ናቸው፤ ሥራቸው ግንቡን ጨምድዶ ይዟልና ተራ ዛፍ የሚጥለው ነፋስ አይነቀንቃቸውም። የተሻለው ምስክር መሃል ላይ ያለው ነው፤ የብሎኬት ቤት፣ የመብራት ምሰሶ፣ ጤነኛ ባህር ዛፍ። ባህር ዛፍም ቢሆን ሁለት ዓይነት ነው። በነሐሴ መሬቱ ጭቃ ሲሆን በመጠነኛ ነፋስ ከነሥሩ ይገነደሳል። ግንዱ መሃል ላይ ከተቀነጠሰ ግን ነፋሱ ብርቱ ነበር።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ነገር ከፍታው ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የነፋስ ግፊት ከአየሩ ክብደትና ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ዝቅተኛ ቦታ ላይ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሰብረውን ነገር ጎንደር ላይ ለመስበር 133 ያህል ያስፈልጋል። ሠንጠረዡን ዝም ብሎ የሚገለብጥ ሰው የጎንደርን ነፋስ አሳንሶ ይጽፋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ጊዜ ነው። አሜሪካ መርማሪዎቹ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይደርሳሉ። እኛ ዘንድ ቆርቆሮ ውድ ነው። ነፋሱ ገና ሳይበርድ ሰፈርተኛው ይሰበሰባል፤ የተጣመመው ይቀናል፤ በሁለተኛው ቀን ጣሪያው ተመልሶ ተመትቷል። የወደቀው ዛፍም ማገዶ ሆኗል። ደግ ነገር ነው፤ ማን ልጆቹን ዝናብ ላይ ያሳድራል? ማስረጃው ግን አብሮ ይሄዳል። ቀበሌው የሚመዘግበው ለእርዳታ የሚሆነውን ነው፤ ስንት ቤት፣ ስንት አባወራ። ፎርሙ ቆርቆሮው ወደየት እንደበረረ አይጠይቅም።

ስለዚህ መዶሻው ከመነሳቱ በፊት ጥቂት ፎቶ ይበቃል። ቆርቆሮው የወደቀበት ቦታና አቅጣጫ፣ ከየትኛው ቤት እንደተነሳ፣ የዛፉ ስብራት፣ የበረዶው መጠን ከሳንቲም ጋር፣ ሰዓቱ። ከሁሉ በላይ ሚስማሩን በቅርብ ማንሳት ነው። ሚስማሩ እንጨቱ ላይ ቀርቶ ቆርቆሮው ዙሪያውን ከተቀደደ የተሸነፈው ቆርቆሮው ነው። ሚስማሩ ከእንጨቱ ከተመዘዘ ችግሩ አመታቱ ወይም የነቀዘው እንጨት ሊሆን ይችላል። ወራጁ ራሱ አብሮ ከሄደ ደግሞ ከግድግዳው ጋር የታሰረበት ሽቦ ይፈለግ፤ ተበጥሶ ነው ወይስ ከመጀመሪያውም አልነበረም።