ሐሞት ከረጢት ከወጣ በኋላ «ቅባት ቀንሱ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ «ቅባት ቀንሱ» ይባላል። ብዙ ሰው ቅባት ዕድሜ ልኩን እርም የሆነበት ይመስለዋል። ኧረ እንደዚያ አይደለም!

ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው። ከረጢቱ ያጠራቅመውና ያወፍረው ነበር፤ ቅባት ሲበላ ደግሞ ጨመቅ አድርጎ ወደ ትንሹ አንጀት ይለቀው ነበር። አሁን መጠራቀሚያው የለም። ሐሞቱ ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «በአንድ ጊዜ ምን ያህል?» የሚለው ነው። በዘይት የተጠበሰ ምግብ ሰሃን ሙሉ ከተበላ ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥም ሊከተል ይችላል። ያው ቅባት ለሁለት ለሦስት ጊዜ ቢከፋፈል ላይረብሽ ይችላል።

የታሸገ ምግብ ላይ በአንድ ድርሻ (በአንድ ጊዜ ይበላል ተብሎ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን) ከ3 ግራም ያልበለጠ ቅባት ካለ ብዙ ጊዜ «ዝቅተኛ ቅባት» ይባላል። ግን አንድ ፓኬት አንድ ድርሻ ላይሆን ይችላል። ብዙዎች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው።

ቅባትን ጨርሶ መተው ደግሞ አይመከርም፤ ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ወደ ሰውነት የሚገቡት ከቅባት ጋር ነው። ፋይበርም (በአትክልት፣ በፍራፍሬና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው አሰር) ቀስ እየተባለ ይጨመር፣ በአንዴ ከበዛ ጋዝ ያመጣል። ቡናና የሚያቃጥል ምግብ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢቀነሱ ይሻላል።

አብዛኛው ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደለመደው አመጋገብ ይመለሳል። ተቅማጡ አልቆም ካለ ሐኪም ያማክሩ። ትኩሳት፣ ከባድ የሆድ ሕመም ወይም የዓይን ቢጫነት ከታየ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሕክምና ያስፈልጋል።