የድርጅት «እውነተኛ ባለቤት» ምንድን ነው? በምንስ ይታወቃል?

አንድ ድርጅት የንግድ ፈቃድ አለው ማለት ባለቤቱ ታወቀ ማለት አይደለም። ፈቃዱ የሚናገረው የድርጅቱን ስም፣ የሥራ መስኩንና የሥራ አስኪያጁን ማንነት ነው። ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ደመወዝተኛ ሊሆን ይችላል። ባለአክሲዮን ተብሎ የተጻፈውም ሰው ቢሆን ስሙን ብቻ ያዋሰ የአጎት ልጅ፣ ሾፌር ወይም ጠበቃ ሆኖ ይገኛል። እውነተኛ ባለቤት የሚባለው ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው፣ ትርፉ ኪሱ የሚገባው፣ ወይም «ይሸጥ»፣ «ይፈረም»፣ «ሥራ አስኪያጁ ይነሣ» ሲል የሚፈጸምለት የተፈጥሮ ሰው ነው። «የተፈጥሮ ሰው» የሚለው ሐረግ ያለ ምክንያት አልገባም። ድርጅት የሌላ ድርጅት ባለአክሲዮን መሆን ይችላል፣ እውነተኛ ባለቤቱ ግን መሆን አይችልም። ስለዚህ ፍለጋው ሌላ ድርጅት ላይ ደርሶ ከቆመ ገና አላለቀም።

ብዙ አገሮች መለኪያውን 25 በመቶ ላይ አስቀምጠውታል። በእንግሊዝ ከ25 በመቶ በላይ አክሲዮን ወይም ድምፅ ያለው፣ ወይም አብዛኞቹን ዳይሬክተሮች መሾምና መሻር የሚችል ሰው ስሙ በመዝገብ ይሰፍራል። እንዲህ ያለው ቁጥር ለማምለጥም ይመቻል፤ የአንድ ቤት አምስት ሰዎች ሃያ ሃያ በመቶ ከተካፈሉ በድርሻ መጠን ብቻ ማንም አይመዘገብም። ሒሳቡም ሁለት ዓይነት ነው። አንድ ሰው የድርጅት «ሀ»ን 51 በመቶ ቢይዝ፣ «ሀ» ደግሞ የድርጅት «ለ»ን 51 በመቶ ቢይዝ፣ ሰውየው ከ«ለ» ትርፍ የሚደርሰው 51 በመቶው በ51 በመቶ ተባዝቶ 26 በመቶ ገደማ ነው። በውሳኔ በኩል ግን የ«ለ» ጌታ እሱ ነው፣ ምክንያቱም በየደረጃው አብላጫው ድምፅ የእሱ ነው። ትርፍን የሚያሰላ ሰው ያባዛል፤ ሥልጣንን የሚፈልግ ግን በየእርከኑ አብላጫው የማን እንደሆነ ይጠይቃል። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ትልቁን ባለቤት «አናሳ ድርሻ አለው» ብሎ ያልፈዋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሚጀመረው ከስም ሳይሆን ከግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። ባለ አሥር አኃዙ ቲን ደረሰኝ ላይ፣ ጨረታ ሰነድ ላይ፣ ውል ላይ ይገኛል። የንግድ ስም ይመሳሰላል፣ ይለወጣል፤ ቲን ግን አንድ ነው። ቁጥሩን በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢ-ትሬድ ድረ ገጽ ላይ በማስገባት ድርጅቱ በምን ስም እንደተመዘገበ፣ መቼ እንደተመዘገበ፣ ካፒታሉ ስንት እንደሆነ፣ ሥራ አስኪያጁ ማን እንደሆነና ፈቃዱ መታደስ አለመታደሱን ማየት ይቻላል። ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ያለ ቅጣት የሚታደስበት ጊዜ የተለመደው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። በኅዳር ወር «አልታደሰም» የሚል መልስ ብዙ ላይናገር ይችላል፣ በሚያዝያ ግን ይናገራል። የምዝገባው ቀንም ችላ አይባል። «የ20 ዓመት ልምድ ያለን» የሚል ማስታወቂያ ያስነገረ ድርጅት መዝገቡ ላይ የሁለት ዓመት ልጅ ከሆነ፣ ወይ ቀድሞ በሌላ ስም ይሠራ ነበር፣ ወይ ያለፈው ድርጅቱ ከነዕዳው ተጥሎ አዲስ ተከፍቷል። ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን ቀጣዩ ጥያቄ «የድሮው ስም ማን ነበር?» ነው።

ከዚያ ወደ መመሥረቻ ጽሑፉ ይኬዳል። መሥራቾቹ እነማን እንደሆኑ፣ ማን በጥሬ ገንዘብ፣ ማን በዓይነት (በንብረት) እንዳዋጣ፣ ድርሻው እንዴት እንደተከፈለ የሚገኘው እዚያ ነው። ሰነዱ በሰነዶች ማረጋገጫ ማኅተም ተረጋግጦ ለንግድ መዝገቡ ይቀርባል። ከድርጅቱ ውጭ ለሆነ ሰው ቅጂውን ከመዝገብ ቤት ማውጣት አድካሚ ስለሆነ ቀላሉ መንገድ ከድርጅቱ ራሱ መጠየቅ ነው። ቤት ለመግዛት ቅድሚያ ክፍያ የሚከፍል ሰው፣ የሥራ ተቋራጭ የሚቀጥር ሰው ወይም አብሮ ለመነገድ የሚያስብ ሰው ይህን መጠየቅ አያሳፍረውም። «የውስጥ ሰነድ ነው» ብሎ የሚከለክል ድርጅት በገዛ እጁ አንድ ነገር ነግሮዎታል። ሲሰጥም ቃለ ጉባኤዎቹን አብሮ ማስጠየቅ ያስፈልጋል፤ የድርሻ ዝውውር፣ የካፒታል ማሳደግና የሥራ አስኪያጅ ለውጥ የሚታየው በእነሱ ነው። እዚህ ላይ ኃ.የተ.የግ.ማ. እና አ.ማ. ይለያያሉ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አባላቱ ከ50 ስለማይበልጡና ለውጡም በጽሑፉ ማሻሻያ ስለሚታይ ሰነዱ ለእውነቱ ይቀርባል። የአክሲዮን ማኅበር መመሥረቻ ጽሑፍ ግን የሚናገረው ስለ መሥራቾቹ ነው፤ ከዚያ በኋላ አክሲዮኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሚመዘገበው ድርጅቱ በሚይዘው የባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ ነው። የአሥር ዓመት መመሥረቻ ጽሑፍ ይዞ «ባለቤቶቹ እነዚህ ናቸው» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ባለ አንድ አባል ማኅበርንም ፈቅዷል። በፊት ሁለት ሰው ያስፈልግ ስለነበር አንድ በመቶ ድርሻ ይዘው የሚገኙ «አጃቢ» አባላት በአሮጌ ሰነዶች ውስጥ ብዙ ናቸው፤ ሁሉም አጠራጣሪ አይደሉም፣ አብዛኛውን ጊዜ ሕጉን ለማሟላት የገቡ ሚስት ወይም ወንድም ናቸው።

ብዙ ሰው የሚያልፈው፣ ነገር ግን ከሁሉ የበለጠ የሚናገር መዝገብ የሐራጅ ማስታወቂያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኮች ብድሩ ሳይከፈል ሲቀር ፍርድ ቤት ሳይሄዱ መያዣውን ለመሸጥ ይችላሉ፣ ሐራጁ ከመካሄዱ በፊት ግን ማሳወቅ አለባቸው። አዲስ ዘመንና ሪፖርተር ላይ የሚወጣው ሠንጠረዥ የተበዳሪውን ስም፣ የንብረት አስያዡን ስም፣ ቤቱ የሚገኝበትን ክፍለ ከተማና ወረዳ፣ የካርታ ቁጥሩን፣ የቦታውን ስፋትና የሐራጅ መነሻ ዋጋውን ይዘረዝራል። ተበዳሪው ድርጅት፣ አስያዡ ደግሞ በመመሥረቻ ጽሑፉ ውስጥ ስሙ የሌለ ግለሰብ ሲሆን ቆም ማለት ይገባል። ሰው ስሙን በቀላሉ ያውሳል፣ ቤቱን ግን በቀላሉ አያውስም። ለድርጅቱ ብድር ቤቱን ያስያዘው ሰው ወይ የቅርብ ቤተሰብ ነው፣ ወይ ራሱ ባለቤቱ ነው። ይህ ማስረጃ ሳይሆን ጠቋሚ ነው፤ ግን ከብዙ ወሬ ይሻላል። የመኪናና የማሽን መያዣ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 መሠረት በተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ መዝገብ ይሰፍራል፤ ያገለገለ ኤክስካቫተር የሚገዛ ሰው ከሻጩ ፊት ይልቅ ይህን ቢያይ ይጠቅመዋል።

ጥፋትን ለመፈለግ ደግሞ ሌሎች በሮች አሉ። ከመንግሥት ግዥ የታገዱ አቅራቢዎችን ስም የግዥ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያወጣል። የዓለም ባንክም የታገዱ ድርጅቶችን ዝርዝር ከምክንያቱና ከጊዜው ጋር በነፃ ያሳያል፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ የሆነ እገዳ በአፍሪካ ልማት ባንክና በሌሎች ሦስት የልማት ባንኮችም ዘንድ ይጸናል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ችሎት ውሳኔዎች በቅጽ ታትመው ይወጣሉ፣ የተከራካሪዎቹም ስም ይገኝባቸዋል። የሥር ፍርድ ቤት መዝገብ ለማየት የመዝገብ ቁጥር ማግኘት ያሻል፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከጋዜጣ መጥሪያ ላይ ነው። መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የያዘውን መረጃ በጽሑፍ መጠየቅም ይቻላል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 መልስ በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ያዛል፣ አቤቱታው የሚሄደው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። ጥያቄው «ስለ ድርጅቱ ያላችሁን ሁሉ» ከሆነ መልስ አይመጣም። «በዚህ ቁጥር የተፈረመው ውል፣ ገጽ አንድና የክፍያ ሠንጠረዡ» የሚል ጥያቄ ግን ለማለፍ ያስቸግራል።

ብዙው ስሕተት የሚፈጠረው ስም ላይ ነው። የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። የውጭ መዝገቦች የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚይዙ ወንድማማቾች አንድ ሆነው ሲገኙ፣ አባትና ልጅ ግን ባዕድ ይመስላሉ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ «ፀጋዬ» በአራትና በአምስት ዓይነት ይጻፋል፣ «ወልደ»ና «ገብረ» አንዴ ተያይዘው አንዴ ተለያይተው ይመጣሉ። ስለዚህ አንድ ስም ቢያንስ በአምስት አጻጻፍ መፈለግ አለበት። አያት እስኪጨመር ድረስም ተመሳስሎ ሊገኝ ይችላል፤ «አበበ ከበደ» አገኘሁ ማለት ሰው አገኘሁ ማለት አይደለም። ሰውን ከሰው የሚለየው ቲን፣ የትውልድ ዘመን፣ አድራሻ ወይም አብረውት የተጻፉ ሌሎች ስሞች ናቸው። የትውልድ ቀን ሲነጻጸርም በእኛና በፈረንጆች አቆጣጠር መካከል ያለውን የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ረስቶ «ሌላ ሰው ነው» የሚል አይጠፋም።

ሰንሰለቱ ከአገር ሲወጣ ነገሩ እንደየአገሩ ነው። የእንግሊዝ የኩባንያዎች መዝገብ ነፃ ነው፤ የዳይሬክተሮችን ስም ከትውልድ ወርና ዓመት ጋር፣ እውነተኛ ባለቤቶችን፣ ዓመታዊ ሒሳቡንና በድርጅቱ ንብረት ላይ የተመዘገበውን መያዣ ያሳያል። እጅግ ጠቃሚው ክፍል ከምሥረታ ጀምሮ የገቡትን ሰነዶች በቀን ቅደም ተከተል የሚዘረዝረው ነው፤ ሥራ የለቀቀ ዳይሬክተር እዚያ አይሰረዝም። ይሁን እንጂ መዝገቡ ለዓመታት የተነገረውን ሳያጣራ ነበር የሚጽፈው። የዳይሬክተሮችና የባለቤቶች ማንነት ማረጋገጥ ግዴታ የሆነው ከኅዳር 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፣ ስለዚህ የቆየው መረጃ «ራሳቸው እንዳሉት» ተብሎ ይነበብ። በአሜሪካ የዴላዌር ግዛት መዝገብ ባለቤቱን አይናገርም፤ የአክሲዮን ገበያ ላይ ያሉ ኩባንያዎች ግን ከ5 በመቶ በላይ የያዘውንና ዋና ዋና ቅርንጫፍ ድርጅቶቻቸውን ለገበያው ተቆጣጣሪ ያሳውቃሉ፣ ማንም ያየዋል። በእስራኤል የኩባንያዎች መዝጋቢው በአነስተኛ ክፍያ የባለአክሲዮኖችን ስም የያዘ ማውጫ ይሰጣል። በአውሮፓ ኅብረት የእውነተኛ ባለቤቶች መዝገብ ለሁሉም ተከፍቶ ነበር፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤት በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. የግል ሕይወትን ይነካል በማለቱ ብዙ አገሮች በሩን ዘጉት። በዱባይ ነፃ ቀጣናዎች ደግሞ ፈቃዱን ማረጋገጥ ይቻላል፣ ባለአክሲዮኑን ማወቅ ግን በአብዛኛው አይቻልም። እዚያ ሲደረስ ከመዝገቡ ጋር ከመታገል ከሌላ ጫፍ መሞከር ይሻላል፦ ያው ድርጅት ሌላ አገር ቅርንጫፍ ካለው፣ እዚያ ማን ፈረመለት?

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ካሩቱሪ የተባለው የሕንድ የግብርና ኩባንያ ነው። የግብርና ሚኒስቴር በ2010 እ.ኤ.አ. በጋምቤላ 100,000 ሄክታር መሬት ለ50 ዓመት፣ በሄክታር በዓመት 20 ብር አከራየው፤ ውሉም ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ነበር። እናት ኩባንያው በሕንድ የአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ ስለነበር ዓመታዊ ሒሳቡ የሚነበብ ነበር። በኬንያ ናይቫሻ ደግሞ ትልቅ የአበባ እርሻ ነበረው። የኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን አበባውን ለራሱ እኅት ድርጅቶች በዝቅተኛ ዋጋ እየሸጠ ትርፉን ወደ ውጭ አሽሽቷል ብሎ ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ታክስ ጠየቀው፤ በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. እርሻው በአበዳሪ ባንክ ጠያቂነት በባለአደራ እጅ ገባ። በኢትዮጵያ ውሉ የተሰረዘው ከዚያ በኋላ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲሆን የለማው መሬት 1,200 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው ተባለ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ለድርጅቱ በዱቤ ነዳጅ ወይም ዘር ሊሸጥ ያሰበ ነጋዴ ጋምቤላ መሄድ አያስፈልገውም ነበር፤ የናይሮቢን ዜናና የሕንዱን ሒሳብ ማየት በቂው ነበር።

ያገኙትን ሲጽፉ ከቃላቱ አንድም አይንሸራተት። «ተጠየቀ»፣ «ተከሰሰ»፣ «ተፈረደበት»፣ «ይግባኝ ብሏል» አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሾልከው የወጡትን የፓናማ ሰነዶች ጨምሮ የባሕር ማዶ ኩባንያዎችን ዝርዝር በያዘው ክፍት የመረጃ ቋት ውስጥ ስም መገኘቱም በራሱ ጥፋት አይደለም። እያንዳንዱን ገጽ ባዩበት ቀን ያስቀምጡ፣ ቀኑንና የመዝገብ ቁጥሩን ከፋይሉ ስም ጋር ይጻፉ፤ የኢ-ትሬድ ውጤት ዛሬ «የጸና» ብሎ ነገ «የተሰረዘ» ሊል ይችላል፣ ትናንት የታየውን ለማስረዳት የሚቀረው ያ ቅጂ ብቻ ነው።